ቆጥ ላይ የተሰቀለው ቅቤ

(ቢሾፍቱ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ፣ እትዬ አምሳለ ለሰፈሩ ሰው ምግብ የምታበስልበት ቤት፤ ዐቢይ ጾም ነው፣ ቅዳሴ ሊወጣ ጥቂት ቀርቶታል፤ ጎረቤቷ ጌጡ የማድቤቱን በር ይዞ ቆሟል።)

ጌጡ፦ ድፊው ነው የምልሽ እትዬ! በፈጠረሽ፣ ያንን ቁሌት አንስተሽ ድፊው!

አምሳለ፦ ትናንት ዓይኔ እስኪጠፋ የከተፍኩትን ሽንኩርት? ምነው፣ ዛሬ ደግሞ ምን ነካህ?

ጌጡ፦ አይጥ ገብቶበታል።

አምሳለ፦ የት ነው የገባው?

ጌጡ፦ ድስቱ ውስጥ። በዚህ ዓይኔ ነው ያየሁት። ገባ፣ አንድ ዙር ዋኘ፣ ጢሙን እየጠራረገ ወጣ።

አምሳለ፦ ክዳኑን ማን ከፈተለት?

ጌጡ፦ ራሱ ነዋ። የዘንድሮ አይጥ ምን ይሳነዋል?

አምሳለ፦ ሲወጣስ መልሶ ከደነው?

ጌጡ፦ ጨዋ አይጥ ነው።

አምሳለ፦ ዞር በልልኝ ከዚህ በር፣ ጭሱ ይውጣበት! ሰዎቼ ከጠዋት ጀምሮ ውኃ እንኳ በአፋቸው አልዞረም፤ ቅዳሴው ሲያልቅ ቀጥታ ወደዚህ ነው የሚመጡት። ሰሞኑን ጅብ ደጃፍህ ድረስ መጥቶ፣ ድስትህን አሽትቶ «ውይ፣ ይሄ የጾም ነው» ብሎ ተመለሰ ስትለን ስቀንልሃል። በሰው ረሃብ ግን አትቀልድ።

ጌጡ፦ ጅቡን ትንሽ ጨምሬበታለሁ። በአፉ አላለም። ፊቱ ላይ ነው ያነበብኩት።

አምሳለ፦ እሱን የተባለውን ሁሉ ለሚያምኑት ለእማማ ድንቄ ንገራቸው። ሽሮውን ልበትንበት፣ ዞር በል።

ጌጡ፦ አይሆንም! ጭልፋውን አስቀምጪ! እሺ፣ አይጥ አይደለም።

አምሳለ፦ እሱንማ አውቃለሁ።

ጌጡ፦ ከአይጥ የከፋ ነው።

አምሳለ፦ ድመት ሆነ ደግሞ?

ጌጡ፦ እኔ ነኝ።

አምሳለ፦ አንተ ደግሞ ምን አደረግክ?

ጌጡ፦ ትናንት ልብስ ልታሰጪ ወደ ጓሮ ስትወጪ ቆጡ ላይ ወጣሁ። የፍስክ ዕቃሽን አስረሽ የሰቀልሽበት ቆጥ ላይ። ፈታሁትና ቅቤውን አወረድኩት።

አምሳለ፦ የትኛውን ቅቤ?

ጌጡ፦ ስንት ቅቤ አለሽ እትዬ? የመንዙን ነዋ! በነጭ ጨርቅ አፉን ያሰርሽውን ማሰሮ። በማንኪያ ጫፍ ብቻ ነበር ያሰብኩት። ኮቴሽን ሰምቼ ስዞር ማንኪያው ከነቅቤው ቁሌቱ ውስጥ ዘፍ አለ። ከዚያ ወዲያ ምን ምርጫ አለኝ? አማሰልኩት።

አምሳለ፦ ኧረ አንተ ሰው! በዐቢይ ጾም! ምን አድርጊ ልትለኝ ነው?

ጌጡ፦ ሻምበል ናቸዋ ያመጡብኝ! ሁልጊዜ «ሆራ ሐይቅ ማዶ ቅቤ ቢነጠር እዚህ ሆኜ ይሸተኛል» ይሉ የለ? እሳቸው ሳህን ላይ ጠብ አድርጌ፣ ጥርግ አድርገው ሲበሉ «ሻምበል፣ አፍንጫዎም ጡረታ ወጣ እንዴ?» ልላቸው ነበር።

አምሳለ፦ አሃ፣ የአንድ ሰው ጾም ብቻ ነበር ልታስገድፍ ያሰብከው! እንዴት ያለህ ቸር ነህ!

ጌጡ፦ ሻምበልማ በጓሮ በር ጥብስ ያስገባሉ ሲባል ሰምቻለሁ።

አምሳለ፦ ማን ሲል ሰማህ?

ጌጡ፦ ራሴ ስል።

አምሳለ፦ ወይ የኔ ጉድ!

ጌጡ፦ ሳቂብኝ፣ ስደቢኝ፣ ይገባኛል። ግን እማማ ድንቄን አየሻቸው ትናንት? ነፍስ ካወቁ ጀምሮ ጾም ገድፈው የማያውቁ ሴትዮ፣ ሐኪም እንኳ ወተት ጠጡ ብሎ ለምኖ ያቃተው! ከዚያው ቁሌት የሠራሽውን ሽሮ ጣታቸውን እየላሱ በሉት። «አምሳልዬ፣ የዛሬው ነፍስ ዘራብኝ» አሉሽ። እኔ ፊት ለፊታቸው ተቀምጬ ሳቄን ለማፈን ጉንጬን ነክሻለሁ። ከዚያ ዞር አሉና «ለጌጡም ጨምሪለት፣ አባቱን ካጣ ወዲህ ከስቷል» አሉ። ሳቄን እዚያው ተውኩት። ሌሊቱንም ስገላበጥ አደርኩ።

አምሳለ፦ አባ ወልደ ሐናም ደግመው ነው የበሉት።

ጌጡ፦ አታስታውሺኝ! ደገሙ፣ ሳህኑን በእንጀራ ጠረጉ፣ ተነሥተው እጅሽን ባረኩ። ቅቤ አብልተሻቸው! እኔ ነኝ እንጂ አንቺማ ምን አጠፋሽ። አሁን ሲመጡ እዚህ መሀል ላይ እንዲህ ተንበርክኬ ሁሉንም እናገራለሁ። ቁሌቱን አንቺ ድፊው፣ አፈሩን እኔ እለብሳለሁ።

አምሳለ፦ ተነሥ ከመሬት። ምንም አትናገርም።

ጌጡ፦ ምን አልሽኝ?

አምሳለ፦ ቁሌቱ ደህና ነው አልኩህ። ሽሮ እበትንበታለሁ፣ ይበላሉ፣ አለቀ።

ጌጡ፦ እትዬ! አንቺ ነሽ ይህን የምትይው? አምና ለጎረቤት ያዋስሽው ጭልፋ ሲመለስ «ወተት ነክቶት ይሆናል» ብለሽ በአመድ ስትፈገፍጊው ዋልሽ፤ ፈግፍገሽ ስታበቂ ወስደሽ ጣልሽው! ይህን ስነግርሽ በማማሰያ ትፈነክችኛለሽ ብዬ ነው በዚህ ሙቀት የሱፍ ኮፍያ ደፍቼ የመጣሁት። ለምንድነው የማትጮኺው?

አምሳለ፦ ብጮህ ምን ሊገኝ? ደግሞ ብትናገርስ ማን ያምንሃል? «ደግሞ ጀመረው» ብለው ይስቁብሃል።

ጌጡ፦ እማማ ድንቄ ያምኑኛል። እሳቸው የጅቡንም አምነዋል፤ «ምስኪን፣ ጦሙን አደረ?» ብለው አዝነውለታል።

አምሳለ፦ እንግዲያው ሴትዮዋን ልትገድላቸው ነው? በዚህ ዕድሜያቸው ጾሜን ገደፍኩ ብለው እህል ውኃ ያቆማሉ!

ጌጡ፦ ታዲያ ዛሬም ሳያውቁ ይብሉ? የትናንቱ በእኔ ነው፣ የዛሬውስ? እያወቅሽ ልታቀርቢላቸው ነው? እኔ ቀልደኛ ነኝ እትዬ፣ አረመኔ አይደለሁም። እነግራቸዋለሁ። እማማ ድንቄ እግር ላይ እወድቃለሁ።

አምሳለ፦ ጌጡ፣ በሩን ዝጋው።

ጌጡ፦ ጭሱስ?

አምሳለ፦ ዝጋው አልኩህ። ቅቤ አይደለም።

ጌጡ፦ ምኑ?

አምሳለ፦ ማሰሮው ውስጥ ያለው። ዘይት ነው። የሚረጋው ዘይት።

ጌጡ፦ የሚረጋው? እታች ሱቅ ደጃፍ የምንሰለፍለት?

አምሳለ፦ እሱ ራሱ። በኮረሪማ፣ በኮሰረት፣ በአብሽ አንጥሬ፣ ለመልኩ እርድ ጣል አደርግበታለሁ። ሲረጋ ማንም አይለየውም። ቅቤ አንድ ጠብታ የለበትም። እማማ ድንቄ ጾማቸውን ናቸው፤ አባም፣ ሻምበልም። ማንም አልገደፈም።

ጌጡ፦ ማርያምን በይ!

አምሳለ፦ በስሟ አታስምለኝ። ነው።

ጌጡ፦ እልል! ኧረ እልል በይ እትዬ! ድኛለሁ! እኔ እኮ በቢሾፍቱ ውሸት ከእኔ ወዲያ ላሳር የሚል ሰው ነበርኩ፣ ለካ አስተማሪዬ ከአጥር ወዲህ ኖሯል! ገና ላይ ሻምበል ዓይናቸውን ጨፍነው «ይሄን የሰጠችው ላም ጥቁር ናት» እስከማለት ደርሰው የለ? የጀሪካን ላም! ሆዴን! ሆዴን ያዙልኝ!

አምሳለ፦ ሳቅ። ሳቅና ውጣ።

ጌጡ፦ አይ፣ እንዲህ ያለውን ሰምቼማ አልወጣም። ከመቼ ጀምሮ ነው? እህትሽ ትልክልሽ የነበረውስ?

አምሳለ፦ ብርቄ ካረፈች ወዲህ የሚልክልኝ የለም። ገበያ የሚሸጠውን ሙዝ ይሁን ምን እንደሚቀላቅሉበት አላምነው አልኩ። ደህና እስካገኝ ብዬ ጀመርኩት። ሰዉ ደግሞ በመጀመሪያው ቀን «ዛሬስ መንዝ ራሱ መጣ» ብሎ ጣቱን ላሰ። ከዚያ በኋላ በምን አፌ ልናገር?

ጌጡ፦ ለእኛ ሳትነግሪን አረፈች? መቼ ነው?

አምሳለ፦ አንተ አባትህን ይዘህ ሆስፒታል ለሆስፒታል ስትንከራተት ነው። እዚያው አገር ቤት አልቅሼ ተመለስኩ፣ ለሰፈሩ አልተናገርኩም። ክረምት ላይ።

ጌጡ፦ ክረምት ላይ።

አምሳለ፦ ጌጡ፣ ወሩን አትቁጠረው።

ጌጡ፦ አባዬ ያረፈው በጥቅምት ነው።

አምሳለ፦ አትቁጠረው አልኩህ!

ጌጡ፦ ሳህን ይዤ መጣሁ። እዚሁ በር ላይ ነው የቆምኩት። «እትዬ፣ አባዬ እህል አልቀምስ ብሏል፤ የአገሩ ቅቤ ያለበት ገንፎ አማረኝ ይላል፤ የመንዝ ቅቤ አለሽ?» አልኩሽ።

አምሳለ፦ አልከኝ።

ጌጡ፦ «አለ» አልሽኝ።

አምሳለ፦ አልኩህ። ፊትህን አይቼ የለም ማለት አቃተኝ። ያን ቀን የምትቀልድበት ፊት አልነበረህም። ገንፎውን አገነፋሁ፣ መሀሉን ጎድጎድ አደረግኩ፣ ከማሰሮው ቆርሼ አቀለጥኩበት። አልበላም ብለው በመለሱት እያልኩ እጸልይ ነበር፣ እግዜር ይቅር ይበለኝና።

ጌጡ፦ አልመለሰውም።

አምሳለ፦ አውቃለሁ።

ጌጡ፦ ጣቱን ነክሮ አሸተተው። ከዚያ ቀመሰ። ከዚያ ቀና ብሎ ተቀመጠ፤ ስንት ቀን በትራስ ደግፈን ያቃተን ሰው! «ጌጡ፣ መንዝ፣ መሐል ሜዳ ነኝ፤ የእናቴ ጓዳ ሸተተኝ» አለኝ። ሳህኑን ጨረሰው። በማግስቱ አረፈ። እትዬ፣ እኔ በሕይወቴ ሳልጨምርበት የማወራው ወሬ እሱ ብቻ ነው። ለለቅሶ ለመጣው ሁሉ አወራሁት፣ አንዲት ቃል አልጨመርኩበትም።

አምሳለ፦ ሰምቼሃለሁ። ድንኳኑ ውስጥ ወጥ ሳወጣ ከኋላህ ነበርኩ። እንጀራው ከእጄ ወደቀ፤ እንቅልፍ ነው አሉኝ። ከዚያን ቀን ወዲህ ማሰሮውን ባነሣሁ ቁጥር አባትህ ጋሽ አውላቸው ትራሳቸውን ተደግፈው ያዩኛል። «እጅሽ ይባረክ» ሲሉኝ እጄን ከጀርባዬ ነው የምደብቀው።

ጌጡ፦ ለምን አልነገርሽኝም?

አምሳለ፦ ስንቴ ጀምሬው! ቁርስ አቀርብልሃለሁ፣ «ጌጡዬ፣ አንድ ነገር» እላለሁ፤ አንተ ደግሞ ያን ጊዜ ጅብህን ታመጣለህ፣ አዞህን ታመጣለህ፣ ቤቱ በሳቅ ይፈርሳል። እውነቱን ልንገርህ ጌጡ። ጅብህ ሲመጣ ደስ ይለኝ ነበር። ዛሬም በመጣ እላለሁ።

ጌጡ፦ ዛሬስ ለምን ነገርሽኝ?

አምሳለ፦ እማማ ድንቄ እግር ላይ ወድቀህ ባልሠራኸው ኃጢአት ስታለቅስ ቆሜ ልይህ? አንዱን ዋሽቼህ በሌላው ልቅጣህ? የሠራሁት ይበቃኛል።

ጌጡ፦ ምነው እትዬ፣ መጀመሪያውኑ «ሁለተኛ በእሳት አትጫወት» ብለሽ በማማሰያ ፈንክተሽ ብትለቂኝ ኖሮ!

አምሳለ፦ ስማ፣ ቅዳሴው ወጥቷል። እየመጡ ነው። በል እንግዲህ፣ እንደወደድክ አድርግ። ሻምበልም ይስሙ፣ አባም ይስሙ። «አምሳለ ከክረምት ጀምሮ አታለለችን» በላቸው። ይህን እንኳ ሳትጨምርበት ብታወራው ያምኑሃል።

ጌጡ፦ እትዬ።

አምሳለ፦ አቤት።

ጌጡ፦ በሩን ልክፈተው። እዚህ ነው የቆምኩት አይደል? እንዲህ አድርጌ፣ ሳህኑን በሁለት እጄ ይዤ።

አምሳለ፦ ምን እያደረግክ ነው?

ጌጡ፦ አሁን ያልሽኝን አልሰማሁም። ገና መምጣቴ ነው። እትዬ፣ የመንዝ ቅቤ አለሽ?

አምሳለ፦ ጌጡ፣ አትፈትነኝ። ጾም ላይ ነኝ።

ጌጡ፦ አባዬ አምሮት ነው። አለሽ ወይ?

አምሳለ፦ ...አለ።

ጌጡ፦ ከመንዝ?

አምሳለ፦ ከመንዝ። ብርቄ በእጇ የናጠችው።

ጌጡ፦ ያው ነው እስካሁን ማሰሮው ውስጥ ያለው?

አምሳለ፦ ያው ነው። የእማማ ድንቄ ጾምስ ታዲያ፣ አንተ ልጅ?

ጌጡ፦ እሱ በእኔ ይሁን። ለአባ ብቻ እናዘዛለሁ፣ የሰጡኝን ስግደት ወገቤ እስኪቆረጥ እሰግዳለሁ።

አምሳለ፦ ደጁ ላይ ደርሰዋል እኮ! የሻምበል ሳል ነው። ምን ላቀርብላቸው ነው አሁን?

ጌጡ፦ ተልባ በጥብጪላቸው፣ ቂጣ ጋግሪ። እኔ ጅቡን እየጨማመርኩ አቆይልሻለሁ። ያንን ቁሌት ግን ድፊው እትዬ፤ ቅቤ አለበት።