ያልተላጠው ላስቲክ

ያን ቀን አቶ አራጌን መካነ ሰላም መናኸሪያ በር ላይ ያየ ሰው ቤታቸው እሳት የተነሳ ይመስለው ነበር። ነጠላቸው ከትከሻቸው ወርዶ መሬት ይጠርጋል፤ እሳቸው ዞር ብለውም አላዩት። ሩጫቸው ወደ ጋራዥ ነው፣ መካኒክ ፍለጋ። ለኮምፒውተር የመኪና መካኒክ! ጭንቅ ላይ ያለ ሰው ያገኘውን ይጨብጣልና አይፈረድባቸውም።

ከአጅባር ሚኒባስ የወረደች ወጣት "አጎቴ!" ብላ ባትጠራቸው ኖሮ አልፈዋት ነበር። የእህታቸው ልጅ መቅደላዊት ናት፤ አጅባር ኮምፒውተር ታስተምራለች፤ እናቷን ልትጠይቅ መምጣቷ ነው።

"ደኅና ነዎት? ምነው እንዲህ ሮጡ?"

"ምን ደኅንነት አለ፣ ልጄ! ኮምፒውተሩ ይበራል፣ ይጠፋል፤ ይበራል፣ ይጠፋል። የኔአለም ዘጠኝ ሰዓት ላይ ፈተና አለባት። ደሴ ላለው አዳሪ ትምህርት ቤት የሚፈተኑበት ነው። በስልክ አይሆንም፣ ካሜራ ያለው ኮምፒውተር ይሁን ብለዋል። ከጀመረች በኋላ ከጠፋባት ደግሞ አለቀላት፤ ድጋሚ የሚባል ነገር የለም።"

መቅደላዊት ሰዓቷን አየች። ሰባት ተኩል አልፏል።

"አብሽሩ አጎቴ። ጋራዡን ይተዉትና ወደ ቤት እንሂድ።"

አቶ አራጌ በወፍጮ ቤት ኦፕሬተርነት ጎልምሰው ኋላ ፎቶ ቤት የከፈቱ፣ ዕቃ አክባሪ ሰው ናቸው። አክብሮታቸው ግን ለብቻው ነው። ሶፋው ከተገዛ ጀምሮ ላስቲኩ አልተነሣለትም፤ የተቀመጠ ሁሉ ይንሿሿል። ሪሞቱ በላስቲክ፣ ካልኩሌተሩ በላስቲክ። "አዲስ ዕቃ ላስቲኩ ከተላጠ ምኑን አዲስ ሆነ?" ይላሉ።

የኔአለም ከጠቆረው ስክሪን ፊት ተቀምጣለች። አባቷ ሲገቡ ቀና ብላ አላየቻቸውም። አንጀታቸውን የበላው እሱ ነው። ክረምቱን ሙሉ "ደሴ ብቻዋን? እኔ በሕይወት እያለሁ!" ሲሉ ከርመው በስንት ልመና የተረቱት እሳቸው ናቸውና፣ ልጅቱ ምን እንደምታስብ ገብቷቸዋል። ሆን ብለው ያበላሹት መስሏታል።

"ማን ነካካው?" አለች መቅደላዊት ሶኬቱን እየነቀለች።

"እኔ ነኛ። አሮጌው ፕሮሰሰር ቢቃጠል አዲስ ከነማቀዝቀዣው ከደሴ አስመጣሁና ትናንት ገጠምኩት። ቅባቱንም ቢሆን አልሰሰትኩም!"

ክዳኑን ስትከፍተው ያ ግራጫ ቅባት ከማቀዝቀዣው ሥር ሞልቶ ቦርዱ ላይ ወርዷል።

"አጎቴ፣ ይህን ሁሉ?"

"ቅባት የነሡት ብረት ይበላላል። ወፍጮ ቤት ያደግሁ ሰው ነኝ፤ ስለ ቅባት አትንገሪኝ!"

"በወፍጮው አልከራከርዎትም። እዚያ ብረት ይሽከረከራል፣ ቅባቱም ያለሰልሰዋል። እዚህ ሥር ግን የሚዞር ነገር የለም። ፕሮሰሰሩ የኮምፒውተሩ አንጎል ነው፤ ሲሠራ ይግላል፤ ግለቱን የሚወስድለት ይህ ከላይ ያለው ብረት ነው። ግለቱ ካልወጣለት እንዳይቃጠል ብሎ ራሱን ያጠፋል።"

"ብረት ከብረት ከተነካካ መች አነሰው? ቅባቱ ታዲያ ምን ሊሠራ ተሸጠልኝ?"

ጥያቄው የክርክር ቢሆንም ደግ ጥያቄ ነበር፤ መቅደላዊትም በአክብሮት መለሰች።

"ካብ ሲካብ ያውቃሉ። ድንጋይ በድንጋይ ላይ ይቀመጣል፤ በመሀል የቀረችውን ክፍተት በጠጠር ይሞሏታል። ብረቱም ለዓይን ልሙጥ ይምሰል እንጂ ጭረት አለው፤ ጭረቱ ውስጥ አየር ይገባል፤ አየር ደግሞ ግለት አያሳልፍም። ቅባቱ ያችን ክፍተት መሙያ ጠጠር ነው። ጠጠሩን በድንጋዩ ፈንታ ቢከምሩትስ?"

"ይናዳል" አሉ አቶ አራጌ ሳይወዱ።

ማቀዝቀዣውን ፈትታ ገለበጠችው። ቅባቱን በጨርቅ ጠረግ አደረገችው። ከቅባቱ ሥር፣ ከብረቱ ጋር የተጣበቀ ስስ ላስቲክ ነበር።

"ይሄስ?"

"ላስቲኩ ነዋ! እንዳይቧጨር ብዬ…"

የኔአለም ከወንበሯ ተነሣች። ላስቲኩ ላይ በእንግሊዝኛ የተጻፈውን አነበበችና ወደ አባቷ ዞረች። "ከመገጠሙ በፊት ይላጥ ይላል። አባዬ፣ እያዩት ነው የተዉት? እንዳልሄድ ነው?"

ቃሏ ሽማግሌው ላይ እንደ በትር አረፈ። "እረ በስመአብ! እኔ ላንቺ? ጽሕፈቱንስ አይቼዋለሁ፤ ማርካው መስሎኝ ነው። ይቅር በይኝ፣ ዓለሜ። ማክበሬ ነበር፤ ማክበር መስሎኝ ነው።"

አለማወቅ ከክፋት ጋር አንድ መልክ ይዞ ሲመጣ ቤት ያፈርሳል። ሰዓቱ ግን አይጠብቅም።

መቅደላዊት ላስቲኩን ላጠች፤ ሁለቱንም ብረት አልኮል በነካ የመነጽር ጨርቅ ወለወለች። ቅባቱ የመጣበትን መርፌ ስታነሣው ባዶ ሊሆን ምንም አልቀረው። ገፋችው፣ አልወጣም። ደግማ ገፋችው። አንዲት የአተር ፍሬ የምታህል ፕሮሰሰሩ መሀል ላይ ጠብ አለች፤ ሌላ የለም።

"ይቺማ ለዝንብ ራስም አትበቃ! ቆይ በጣቴ ልዳምጣት…"

"አይንኩት! ጣት እድፍና አየር ያስገባበታል። ማቀዝቀዣው ሲጫነው ራሱ ይዘረጋል። ሲበዛ ማርም ይመራል ይሉ የለ?"

አቶ አራጌ እጃቸውን ሰበሰቡ። ማቀዝቀዣውን ቀጥ አድርጋ፣ ሳታንሸራትት አሳረፈችው። ብሎኑን ልታጠብቅ መፍቻ አነሣች።

"ብሎኑን ለኔ ተይው" አሉ ሽማግሌው። "የወፍጮ ብሎን አንዱን ወገን ጨርሰው አያጠብቁትም፤ ያጋድላል። ትንሽ ከዚህ፣ ትንሽ ከማዶው እያሉ በመስቀል ነው።"

"እዚህም እንደዚያው ነው፣ አጎቴ። ብቻ ሲበቃው ይተዉት፤ አይጨክኑበት።"

እጃቸው እንደ ወጣት እጅ ጸና። ኮምፒውተሩም በራ። ሦስቱም ግለቱን በሚያሳየው ቁጥር ላይ አፈጠጡ። ቁጥሩ ከፍ አለ፤ ቁጥሩ ረጋ፤ ቀስ እያለም ወረደ። ዘጠኝ ሰዓት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው የኔአለም ብቻዋን ገባችና በሩ ተዘጋ።

አቶ አራጌ ደጃፍ ላይ ተቀምጠው በመስኮቱ የፋኑን ድምጽ አዳመጡ። ባጃጅ ባለፈ ቁጥር ድምጹ ይጠፋባቸውና ጆሯቸውን ወደ መስኮቱ ያስጠጋሉ። እህል ውሃ አላሉም።

በሩ ተከፈተ። "አባዬ" አለች፣ "አልጠፋም።" ከዚያም በአንገታቸው ተጠመጠመች።

"ተረታሁ" አሉ ለመቅደላዊት፣ ዓይናቸውን በነጠላቸው ጫፍ እየጠረጉ። "ብዙ ማድረግና በልክ ማድረግ አንድ መስሎኝ ኖሬያለሁ።"

ከዚያ ወዲህ ቤታቸውም ፎቶ ቤታቸውም ብዙ ነገር ተለወጠ። ሶፋው መንሿሿቱን ተወ፤ የሪሞቱ ቁልፍ በአንድ ንክኪ መስማት ጀመረ። ፎቶ ቤቱ የተቃጠለ ኮምፒውተር ይዞ የመጣ ሁሉ "መጀመሪያ ላስቲኩን ላጥ፣ ቅባቱን በአተር ለካ" እየተባለ ተመክሮ ይሄዳል። አዲስ ነገር የሚከበረው ሥራውን ሲሠራ ነው፤ ሸፍነው ያኖሩት በራሱ ግለት ይነዳል። ይህን አቶ አራጌ ከማንም በላይ ያውቁታል።

የኔአለም አለፈች። የመሄጃዋ ዕለት መናኸሪያ ሲደርሱ አዲሱ ሻንጣዋ፣ እናቷ እንደጠቀለለችው፣ በላስቲክ እንደተሸፈነ ነበር። ረዳቱ ወደ ላይ ሊጭነው ሲል አቶ አራጌ አስቆሙት። ጎንበስ ብለው፣ ዳር ዳሩን ይዘው፣ ላስቲኩን በሙሉ ላጡት።

"አባዬ፣ መንገዱ አቧራ ነው እኮ፤ ይቧጨራል።"

ልጃቸውን አዩ፤ መንገዱን አዩ።

"ይቧጨር" አሉ። "ሂጂ፣ ዓለሜ።"