ጠቋሚውን ያላመኑት ሲስተር

በደርግ ጊዜ የሕክምና መሣሪያ ጠጋኝ ነበርኩ። ሆሳዕና አጠገብ ባለ ክሊኒክ፣ ያለጊዜያቸው የተወለዱ ሕፃናት የሚሞቁበትን ሣጥን እንድፈትሽ ተላክሁ። የሣጥኑ ሙቀት ጠቋሚ ሠላሳ ስድስት ዲግሪ ይላል። አዋላጇ ሲስተር ማርታ ግን ክርናቸውን አስገብተው፣ «ይዋሻል ልጄ፣ ቀዝቃዛ ነው» አሉኝ። አላመንኳቸውም። የራሴን ቴርሞሜትር ባስገባ ሠላሳ አንድ አለኝ። ሣጥኑን ስፈታው የራሱ የሙቀት መለኪያ ከቦታው ተንሸራቶ ማሞቂያው ሽቦ ላይ ተለጥፏል፤ የሚለካው ሽቦውን እንጂ ሣጥኑን አልነበረም።

«ታዲያ ሕፃኑ የታለ?» አልኳቸው።

ጋቢያቸውን ገለጥ አደረጉ። ከጭብጥ ብዙም የማይበልጥ ሕፃን ደረታቸው ላይ በነጠላ ታስሮ ተኝቷል። «እናቱ ታማለች። ከያዝኩት ሁለት ቀኔ ነው» አሉ ዝቅ ባለ ድምፅ። መፍቻዬን እንደያዝኩ፣ ያ ትንሽ ጀርባ ከፍ ዝቅ ሲል ቆሜ አየሁ።