ለንስሐ አባት የሚነገር ስም

ከቡሬ ወደ ፍኖተ ሰላም በሚሄደው ሚኒባስ፣ ከፊቴ የተቀመጠች ልጅ አጠገቧ ያሉትን እናት ጠየቀቻቸው።

«እማማ፣ መታወቂያው ደረሰልዎ?»

«ደርሷል። ለሰው ግን አላሳየውም።»

«ምነው?»

«መዝጋቢው ‹ትክክለኛ ስምዎን› ቢለኝ የክርስትና ስሜን ሰጠሁት። ከንስሐ አባቴ በቀር ለሰው የማልናገረውን!»

«ታዲያ ያርሙልዎ! መብትዎ እኮ ነው።»

«ሄጄ ነበር። ‹አንዴ ከገባ አይወጣም› አለኝ። ይባስ ብሎ ስሜን በመስኮት ጮኾ ጠራው።»

«ሰው ሰማ?»

«ሰልፈኛው ሁሉ! መተተኛ ቢኖርበትስ? አፈርሁ ልጄ፣ ነጠላዬን ተከናንቤ ወጣሁ።»

«የሰማውም ይረሳዋል፣ እማማ።»

«እግዜር ያስረሳው።»

ያን ቀን ከኋላቸው ተሰልፌ የነበርሁት እኔ፣ ወራጅ እስክል ድረስ ስሙን ለመርሳት ታገልሁ።