ጧሪ የለኝም ብለው ይፈርሙ

በእኛ ጊዜ እኮ እርጅናም ቅጽ ይሞላ ነበር። ትስቂያለሽ? ሳቂ፣ ሳቂ፤ እኔም መጀመሪያ የሰማሁ ጊዜ ስቄያለሁ። አንቺ አሁን "መጦሪያው ሊያስከፍል ነው፣ አዲስ መመሪያ ወጣ" ስትዪኝ ደሜ የፈላው ለምን መሰለሽ? አዲስ አይደለማ! እኔ አስካለ በዓይኔ አይቼዋለሁ፣ በእጄም ነክቼዋለሁ። ልጅሽን እንዳቀፍሽ ቁጭ በይ ሰላምዬ፣ ልንገርሽ። ከነፍስ አባቴ በቀር ይህን ነገር ሙሉውን ለሰው ተናግሬው አላውቅም።

ቦሌ ሚካኤል፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ወረድ ብሎ አንድ ግቢ ነበር። አንዲት ባለጸጋ ሴትዮ ወራሽ ሲያጡ "ለሽማግሌና ለአሮጊት ይሁን" ብለው የሰጡት ቤት ነው። ታዲያ ደርግ መጣ፣ ትርፍ ቤት ተወረሰ፣ ያም ቤት ከነሽማግሌዎቹ ተወረሰ። አዎ፣ ከነሽማግሌዎቹ! ቀበሌው ተረከበው፣ ከቀበሌው በላይ ደግሞ ከፍተኛ የሚባል ነበር፣ እሱ ያዘዋል። እኔ እዚያ አስታማሚ ነበርኩ። አጥባለሁ፣ አለብሳለሁ፣ አጎርሳለሁ፣ ሲሞቱም እገንዛለሁ። ሃያ ሁለት ነፍስ ነበረ። ያኔ ይሄ እኛ የተቀመጥንበት ሰሚት ጤፍ ይዘራበት ነበር፣ ፎቅ የሚባል ነገር የለ፤ ከዚህ የመጡ ገበሬዎች ወተት በአህያ ያመጡልን ነበር።

ከነዚያ መሀል እማማ ጥሩወርቅ የሚባሉ ነበሩ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ጉልት ሽንኩርትና ቃሪያ ሲሸጡ ኖረው እግራቸው ሲከዳቸው፣ ልጃቸው ጌታነህ በጀርባው አዝሎ ነው ያመጣቸው። አንድ ልጅ ነው፣ ሌላ የላቸውም። ጋራዥ ይሠራል፣ ኪራይ ቤቱ እንኳን ለእናት ለራሱም አልጋ አይበቃ። ታዲያ በየእሁዱ ብርቱካን ይዞ ይመጣል፣ እናቱን ፀሐይ ላይ ያወጣቸዋል፣ ጥፍራቸውን ይቆርጥላቸዋል፣ እና ያስቃቸዋል። አንድ እሁድ ቀረ። በሚቀጥለውም ቀረ። ለካ ለብሔራዊ ውትድርና ከመንገድ አፍሰው ወስደውታል። "ሰሜን ነው" ተባለ። አንድ ደብዳቤ መጣ፣ እኔ አነበብኩላቸው፣ ከዚያ በኋላ ዝም። አንድ ዓመት ካለፈ በኋላም ዝም። እሳቸው ግን ስሙን ሳይጠሩ ውሃ አይጠጡም። "ጌታነህ ሲመጣ ይሄን ጋቢ ይቀይርልኛል።" "ጌታነህ ሲመጣ እንጦጦ ጠበል ይወስደኛል።" ጌታነህ፣ ጌታነህ፣ ጌታነህ!

ታዲያ አንድ ሰኞ ጠዋት ከከፍተኛው አንድ ሰው መጣ። ጓድ ደምሴ። ካኪ ለብሶ፣ ቦርሳ በብብቱ ይዞ። ሽማግሌዎቹን ሁሉ አውጡልኝ አለ፣ አወጣናቸው፣ አግዳሚ ላይ ደረደርናቸው። እና ጉሮሮውን ጠራረገና፣ "ጓዶች!" አለ። አባባ ወልዴ የሚባሉ የድሮ ዘበኛ ነበሩ፣ ዘወር ዘወር አሉና፣ "ማንን ነው ጓድ የሚለው?" አሉኝ። "እርስዎን ነው አባባ" ስላቸው፣ "እኔ የት አውቀዋለሁ?" አሉ። ሳቅን። የመጨረሻው ሳቃችን ነው እንግዲህ።

"ጓዶች፣ የአረጋውያን አገልግሎት አሰጣጥ ማሻሻያ ተደርጎበታል።" እንዲህ ነው የሚናገረው፣ አፍንጫው ውስጥ። "ከእንግዲህ ጧሪ ያለው፣ ጧሪው በየወሩ ይከፍላል። ጧሪው ካልከፈለ መኝታና በቀን አንድ ጊዜ ሽሮ ብቻ ያገኛል። ወተት፣ ሙቅ ውሃና ሕክምና አይመለከተውም። ጧሪ የሌለው ግን ሁሉንም በነጻ ያገኛል። ይህም የአብዮቱ ቸርነት ነው።" ማሻሻያ! ማሻሻያ ይለዋል እኮ! ከአሮጊት አፍ ወተት መንጠቅ ማሻሻያ ተባለ።

እና ቅጹን አወጣ። ቅጹ ምን ይላል? "ልጅም ሆነ የሥጋ ዘመድ የለኝም" ይላል። ጣትሽን ቀለም ነክረሽ ታሳርፊያለሽ፣ አለቀ። ታዲያ የማንኛው ልጅ ነው የሚከፍል? አንዱ ሸማኔ፣ አንዱ ተሸካሚ፣ አንዱ እስር ቤት። ስለዚህ ሁሉም ካደ። ምን ያድርጉ? አባባ ወልዴ አምስት ልጅ ነበራቸው።

"ልጅ አለዎት?" አላቸው ጓድ ደምሴ።

"የለኝም።"

"አንድም?"

"አንድም። ጻፍና ልቀቀኝ።"

ጣታቸውን አሳረፉ፣ እና ከቤቱ ኋላ ሄደው ጋቢያቸውን ተከናንበው መሬት ላይ ተቀመጡ። ምሳ ብላቸው አይነሱ። "አባባ፣ ምን ሆኑ?" ብላቸው፣ "አምስት ሰው በአንድ ቀን ቀብሬ ምሳ ልብላ?" አሉኝ። ይሄን ሰምቼ ነው እኔ ወደ ወጥ ቤት ገብቼ ያለቀስኩት።

የእማማ ጥሩወርቅ ተራ ደረሰ። ደግፌ አመጣኋቸው።

"ልጅ አለዎት?"

"አለኝ።"

"የት ነው ያለው?"

"እኔን ትጠይቀኛለህ? የወሰዳችሁት እናንተ፣ የምታውቁት እናንተ።"

ሰላምዬ፣ በዚያ ዘመን እንዲህ ተብሎ አይመለስም። ጓድ ደምሴ ግን ቀና ብሎ እንኳ አላየንም፣ ይጽፋል። "ወታደር ነው? እንግዲያው ደመወዝ አለው። ጧሪ አለዎት ማለት ነው፣ ይከፍላሉ" አለ።

"እሺ፣ ደመወዙን አምጣልኝ፤ እሱንም አብረህ አምጣልኝ" አሉት።

"እማማ፣ ልጅዎን ያለበትን አላውቅም ካሉ፣ የለኝም ብለው ይፈርሙ። ቀላል እኮ ነው።"

"ቀላል ከሆነ አንተ የአንተን ልጅ የለም በል!"

ታዲያ በነጻ ከሚያገኙት ዝርዝር ወጡ። ወተት ቀረ። ሙቅ ውሃ ቀረ። ጎናቸው ላይ ከመተኛት ብዛት የወጣ ቁስል ነበረባቸው፣ በሳምንት ሁለት ጊዜ ከጤና ጣቢያ ድሬሰሩ መጥቶ ያጥብላቸው ነበር። እሱም ቀረ። ያ ድሬሰር ደህና ልጅ ነበር፣ በአልጋቸው አጠገብ ሲያልፍ ፊቱን ያዞራል። ያዝኩትና፣ "አንድ ፋሻ ምን አለበት?" ብዬ ብጠይቀው፣ "እትዬ አስካለ፣ ዝርዝሩ ላይ የሉም፣ ፋሻው በቁጥር ነው፣ እኔም ልጆች አሉኝ" አለኝ። እኔ በድብቅ ከሰል ላይ ውሃ ሳሞቅ ተያዝኩ፣ ከሰሉ የመንግሥት ነው ተብሎ ማስጠንቀቂያ ተሰጠኝ። ለከሰል! ቁስሉ መሽተት ጀመረ። ጎረቤት አልጋ ያሉት አሮጊት ነጠላቸውን አፍንጫቸው ላይ ያደርጋሉ። እሳቸውም ያያሉ እኮ፣ ሰው አፍንጫውን ሲይዝ ያያሉ።

ለመንኳቸው። በጉልበቴ ተንበርክኬ ለመንኳቸው። "እማማ፣ ወረቀት እኮ ነው! እግዚአብሔር ልብዎን ያያል፣ ይፈርሙ!"

"አንቺ ወልደሻል?" አሉኝ።

"አልወለድኩም።"

"እንግዲያው ስሚኝ። ጠላቴ እንኳ 'ልጅ አይኑርሽ' ብሎኝ አያውቅም። ያለው እሳት መሀል ነው፣ አይደል? እኔ እዚህ ተኝቼ ስሙን እየጠራሁ ነው የያዝኩት። አሁን ለአንድ ኩባያ ወተት ብዬ በገዛ አፌ 'የለም' ልበለው? ብዬ ቢሰማኝስ? እንቢ። ይግማ ገላዬ።"

እኔ ምን ላድርግ? አንቺ ብትሆኚ ምን ታደርጊያለሽ? እንደዚያ ሆነው ሊሞቱ ነው። ታዲያ የኅዳር ሚካኤል ማግሥት፣ ሰው ሁሉ በበዓሉ ደክሞት ሲተኛ፣ እዚያው ግቢው ውስጥ ወዳለው ቢሮ ሄድኩ። "እማማ ጥሩወርቅ ተስማምተዋል፣ መነሣት ግን አይችሉም" አልኩ። ቅጹንና የማኅተሙን ቀለም ሰጡኝ፣ አስፈርመሽ አምጪ አሉኝ። ወጥ ቤት ገባሁ፣ በሩን ዘጋሁ፣ እና የገዛ አውራ ጣቴን ነክሬ አሳረፍኩት። ይቺን። ቀለሙ በአመድ ባሽ፣ በሎሚ ባሽ ሦስት ቀን አልለቀቀኝም፤ እጄን ሽርጤ ውስጥ ደብቄ ነው የከረምኩት።

ወተቱ መጣ። ድሬሰሩ መጣ፣ ሲያጥባቸው ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር። ቁስሉ በገና ደረቀ። "ምነው፣ ሕጉ ተለወጠ እንዴ?" አሉኝ። "አዎ እማማ፣ ተለወጠ" አልኳቸው። "አየሽ፣ እውነት የተናገረ አያፍርም" አሉኝ።

ከፋሲካ በኋላ ነው፣ እኔ አንሶላ ላሰጣ ወጥቻለሁ፣ በቢሮው በር ላይ ሁለት ክራንች የያዘ ሰው ቆሟል። ከኋላው አላወቅሁትም። የግራ ሱሪው ከጉልበቱ በታች ታጥፎ በመርፌ ቁልፍ ተይዟል። ለቁጥጥር የመጣው ጓድ ደምሴ ፋይል ገልጦ እየጮኸ ያነባል። "ጥሩወርቅ የተባሉት አሮጊት ልጅ የላቸውም። ይኸው፣ 'ልጅም ሆነ የሥጋ ዘመድ የለኝም' ብለው በጣታቸው ፈርመዋል። አንተ ማን ነህ?" ሰውየው ወረቀቱን ተቀበለና አየው። ብዙ አየው። "እናቴ እንዲህ አለች?" አለ። ድምፁን ያኔ አወቅሁት። ጌታነህ ነው! ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ፣ ዞረ፣ እና ወደ ግቢው በር መሄድ ጀመረ።

አንሶላውን ጭቃ ላይ ጣልኩት። ሮጥኩ፣ ክራንቹን ጨብጬ ያዝኩት፣ ሊወድቅብኝም ነበር። "ጣቱ የእኔ ነው!" ብዬ ጮኽኩ። "እሳቸው እንቢ ብለዋል! አልካዱህም! ገላቸው እስኪሸት አልካዱህም! እኔ ነኝ የፈረምኩ!"

"ምን አልሽ አንቺ ሴትዮ?" አለ ጓድ ደምሴ ብድግ ብሎ።

"የሰማኸውን ነው ያልኩ! አንተ ነህ ያስካድከኝ፣ ጻፈው እሱንም!"

የመንግሥት ሰነድ አጭበርብራለች ተብዬ በዚያው ቀን ከሥራ ተባረርኩ፣ ቀበሌ እስር ቤትም ሁለት ሳምንት ከርሜአለሁ። ጓድ ደምሴ? እሱማ አደገ፣ ከፍ ያለ ወንበር ሰጡት። ተይው እሱን። ከመያዜ በፊት ግን ጌታነህን እጁን ይዤ ወደ እናቱ አስገባሁት። እሳቸው ጩኸቴን በመስኮት ሰምተዋል፣ ሁሉንም ሰምተዋል። ፊቱን ዳሰሱት፣ ትከሻውን ዳሰሱት፣ እጃቸው እየወረደ ወርዶ የታጠፈው ሱሪ ላይ ደረሰ። አላለቀሱም። እጃቸው እዚያው ቆመ።

"መቼ ነው?" አሉት።

"ኅዳር ላይ፣ እማ። የጽዮን ማርያም ዕለት።"

ቀስ ብለው ወደ እኔ ዞሩ። "አስካለ፣ ያን ወረቀት የፈረምሽው መቼ ነው?"

ሰላምዬ፣ እኔ የኅዳር ሚካኤል ማግሥት ነው የፈረምኩት። ከጽዮን ማርያም በፊት ነው። ስምንት ቀን ቀድሞ ነው! እዚያ ቆሜ በልቤ ቆጠርኩት፣ እና ዓይናቸውን እያየሁ፣ "ታኅሣሥ ገብቶ ነው እማማ" አልኳቸው። ትንፋሻቸው ወጣ። "ተመስገን" አሉ፣ እና ይቺን አውራ ጣቴን ይዘው ሳሟት። ጌታነህ እንደምንም ብሎ አንድ ክፍል ተከራየና ወሰዳቸው፣ ብዙ ዓመት አብረው ኖሩ፣ ቀበራቸውም። እኔ ግን ያቺን የተሳመች ጣት ይዤ ይኸው አረጀሁ።

ምን አልሽ? ጮክ በይ።

"አጋጣሚ ነው እኮ እማማ አስካለ! ጥይትና ወረቀት ምን ያገናኛቸዋል? እርስዎ እኮ ሕይወታቸውን ነው ያተረፉት።"

እኔስ መቼ ተገናኘ አልኩ? የነፍስ አባቴም እንዳንቺው ነው ያሉኝ፣ ተቆጡኝም። እኔ የምናደደው በሌላ ነው። አንድ መንግሥት ወተት መስጠት ካቃተው አቃተኝ ይበል! እናትን "ልጅ የለኝም በይ" ብሎ በወተት የሚገዛት ምን ሆኖ ነው? እናንተ የዛሬዎቹ ደግሞ ወረቀት ነው፣ ወረቀት ነው ትሉኛላችሁ። እሺ። ወረቀት ከሆነ እስቲ ይህችን ያቀፍሻትን ልጅሽን እያየሽ "ልጅ የለኝም" በይልኝ። ለእኔ ለአሮጊቷ፣ ለቀልድ። ቅጽ የለ፣ ቀለም የለ፣ ማን ይሰማሻል? አንድ ጊዜ ብቻ።

ሃ! ሃ ሃ! ይኸው፣ ወደ ደረትሽ ሳብ አደረግሻት፣ እጅሽን አየሽው?

"እማማ፣ በእግዚአብሔር ይተዉኝ! አልልም!"

አትይማ። እሳቸውም አላሉም።