«አንቀመጥም» ያልን ቀን

ለጓደኛችን ለደረጀ ታይላንዳዊቷን ኖይን ልንጠይቅለት፣ ሽማግሌ ሆነን፣ በስደት በምንኖርበት አገር ሜፕልዉድ የሚባል ከተማ እናቷ ቤት ሄድን። እንደ ባህላችን «መልስ ሳናገኝ አንቀመጥም» ብለን በራፉ ላይ ቆምን። እናትየዋ ግራ ገብቷቸው ወንበር ቢያቀርቡልንም ወይ ፍንክች! ኖይ ነገሩን ስታስረዳቸው ኮስተር ብለው፣ «ታይላንድ ያለኝን መሬት ለልጄ ነው የምሰጣት። በሕጋችን የውጭ ሰው መሬት በስሙ አይዝም፤ ዕድሜ ልኩን ሊኖርበት ግን ይችላል። ይስማማል?» አሉ።

እርስ በርስ ተያየን። ታላቃችን ጋሽ መኮንን ፈገግ ብለው፣ «ታዲያ ከዕድሜ ልኩ በላይ ማን ኖረና ነው?» አሉ። ኖይ ስትተረጉምላቸው እናትየዋ በሳቅ ፈረሱ። ያኔ ተቀመጥን።

ወይ ጋሽ መኮንን! እሳቸው ያረፉ ጊዜ የኖይ እናት ለቅሶ ቤት መጡ። «ይቀመጡ» ብንላቸው እምቢ አሉ፤ እኛ ያን ቀን እንደቆምነው በራፉ ላይ ቆመው አለቀሱ።