የኩልፎ ሦስት ምስክሮች

በ2004 ዓ.ም. በሚያዝያ ወር፣ አንድ ረፋድ ላይ፣ ከላይኛው ሰፈር ከሴቻ ወደ ታችኛው ሰፈር ወደ ሲቀላ በሚወርድ ሚኒባስ የኋላ ወንበር ላይ በአንድ ጡረተኛና በአንዲት ወጣት መካከል ተጣብቄ ተቀመጥሁ። ጡረተኛው አቶ ተክለጻድቅ ከጎንደር በሹመት መጥተው እዚሁ የቀሩ፣ ኩልፎ ወንዝ ዳር የሙዝ ማሳ ያላቸው ሰው ናቸው። ወጣቷ ሚስጥር ጎረቤታቸው ስትሆን የውኃ ምህንድስና ተምራለች። እኔ ጋዜጣዬን ገለጥሁ፤ ጆሮዬን ግን ለእነሱ ሰጠሁ።

«ጋሼ፣ ምነው ፊትዎ ጠቆረ?»

«የማሳዬ ዘበኛ የዳምጤ ሚስት አበራሽ ትናንት ወንድ ልጅ ተገላገለች። ጎጇቸው ወንዙ ዳር ናት። ጨንቻ ያለው አማቼ ደውሎ ‹ደጋው ከሌሊት ጀምሮ እየዘነበ ነው፣ ኩልፎ ይሞላል› ይለኛል። የማሳ ጎረቤቶቼ ሳምሶንና አሞጽ ደግሞ ‹አይሞላም› አሉ። ቃል በሁለት ምስክር ይጸናል፤ አራስም ከቤቷ አትወጣም። ባለችበት ትቆይ ብያለሁ።»

«ጎረቤቶችዎ ምን አይተው ነው?»

«ሰማዩን ነዋ! ይኸው አንድ ደመና የለም።»

«ያዩት የሲቀላን ሰማይ ነው፤ ኩልፎን የሚሞላው የደጋው ዝናብ ነው። ለመሆኑ ሁለቱም በየራሳቸው አይተዋል?»

አቶ ተክለጻድቅ ቅር እያላቸው ለአንዱ ጎረቤታቸው ደወሉ። ሳምሶንም «እኔማ ከአሞጽ ሰምቼ ነው» አለ። ሳቄን በጋዜጣው ሸፈንሁ፤ ስንቱ ነገር ከአንድ አፍ ወጥቶ «ሁሉም ያለው ነው» ይባላል!

«ይሁን፤ አንድ ለአንድ ሆኑ» አሉ አቶ ተክለጻድቅ። «እንግዲያው እናማክለዋለን፤ ከሁለቱም ወሬ ግማሽ ግማሹን እንይዛለን። የውኃ ሞተሬን ከወንዙ ዳር አስነሣለሁ፣ አራሷን እተዋለሁ።»

«ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና ይህ ከሁለቱም የባሰ ነው። ወንዙ ከሞላ ሰው ይሞታል፤ ካልሞላ ሞተሩ በከንቱ ተነቀለ። ወሬ ከማዋሐድዎ በፊት የሁለቱን ወሬ ጠብ ይለኩት። አንዱ ‹ብዙ ይሞላል›፣ ሌላው ‹ጥቂት ይሞላል› ቢል ማማከል ያስኬዳል። አንዱ ‹ይሞላል›፣ ሌላው ‹ከቶ አይሞላም› ሲል ግን ጠቡ ራሱ አንድ ነገር ይነግራል፤ ከሁለቱ አንዱ ያላየው ነገር አለ ማለት ነው። ያን ጊዜ ከሌላ ቦታ ሆኖ የሚያይ ሰው ይጠየቅ።»

«እሱም ‹አላውቅም› ቢለኝስ?»

«‹አላውቅም› ማለት ‹አይሞላም› ማለት አይደለም። ያኔ የትኛው ስሕተት እንደሚታረም ያስቡ። በከንቱ የወጣች አራስ ነገ ትመለሳለች።»

ሽማግሌው ስልካቸውን አገላበጡ። በሽምግልና ስንት ባላንጣ ያስታረቁበትን ልማድ በአንድ የሚኒባስ ጉዞ መጣል ቀላል አይደለም፤ አዘንሁላቸው። በመጨረሻ ከማሳቸው በላይ፣ ድልድዩ አጠገብ ሱቅ ላላት ለዓለምጸሐይ ደወሉ።

«ውኃው ደፍርሷል ጋሼ» አለች። «ግንድ ሁሉ እያመጣ ነው።»

«ወራጅ አለ!» ብለው ጮኹ።

አበራሽ ጋቢ ተከናንባ፣ እንደ አራስ ልማድ ከክፉ መንፈስ ይጠብቃል የሚባለውን ብረት ይዛ፣ ልጇን ታቅፋ በባጃጅ ወደ አቶ ተክለጻድቅ ቤት ወጣች። ሞተሩን ያስታወሰው አልነበረም። ከሰዓት በኋላ፣ ሲቀላ በፀሐይ እየነደደች ሳለ፣ ኩልፎ ሞተሩንም ጎጆዋንም ጠርጎ ሄደ።

ከዚያ ወዲህ የማሳው ሰዎች ሰማይ አንጋጠው ብቻ አይፈርዱም፤ ወደ ደጋውም ወደ ድልድዩም ይደውላሉ። አቶ ተክለጻድቅም ለሽምግልና ሲቀመጡ ምስክር ከመቁጠራቸው በፊት «አየህ ወይስ ሰማህ? የት ቆመህ?» ይላሉ።

ሕፃኑ ክርስትና ሲነሣ አበ ልጅ የሆኑት እሳቸው ነበሩ። በድግሱ ላይ አንዱ «አራስ ያስወጡት በስንት ምስክር ነው?» ብሎ ጠየቃቸው።

«ሦስት ነበሩኝ» አሉ ሕፃኑን እያቀፉ። «ሲጣሩ ሁለት ቀሩ፤ ሁለቱ ደግሞ አልተስማሙም። ወደ ድልድዩ ያስደወለኝ ጠባቸው ነው፤ ‹አይሞላም› ብለው ተስማምተው ቢሆን ኖሮ ይህን ልጅ አላቅፈውም ነበር።»