ሦስት ቀን ውጪ የዋለው ኮት

እስከ ስምንተኛ ክፍል መማሬና ለጎረቤት ደብዳቤ ማንበቤ «መምህሩ» የሚል ስም አውጥቶልኛል። አንድ ቀን እንኳ አስተምሬ አላውቅም፤ ስሙን ግን ጠልቼው አላውቅም። ሰኞ ጠዋት ዳቦ ገዝቼ ስመለስ ጎረቤቴ ልብስ ሰፊው ከሱቃቸው በር ላይ ሆነው በእጃቸው ጠሩኝ።

«መምህር፣ እግዜር ነው የላከህ። የአዲሱ ሆቴል ሥራ አስኪያጅ፣ ያቺ የውጭ አገሯ ሴት፣ ኮቷን ልካለች። ዓርብ ለምረቃው ትለብሰዋለች። ሥራዬ ከጣማት የአርባ አስተናጋጆች ልብስ የእኔ ነው። እስቲ ይህቺን ወረቀት አንብብልኝ።»

ሰማያዊ ኮት ነው። ጎኑ ላይ በመርፌ ቁልፍ የተያያዘች ብጣሽ ወረቀት «ሌት አውት» ትላለች። ጉሮሮዬን ጠረግሁ።

«‹ሌት› ተው፣ ፍቀድ ነው፤ ‹አውት› ደግሞ ውጪ። ውጪ ይዋል ማለቷ ነው፣ ጋሼ። ሻንጣ ውስጥ ከርሞ ሸትቷት ይሆናል።»

«ይኸው ነው ትምህርት» አሉና ወደ ውስጥ ዞሩ። «ሰማሽ አንቺ? ሰዋስው የተማረ ሰው እንዲህ ነው። ስልክ ላይ ሲገለፍጥ አይውልም።»

ልጃቸው ቁልፍ ትተክል ነበር። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሳለች። ሥራ ሲቀዘቅዝ ስልኳ ላይ አጫጭር የእንግሊዝኛ ቀልዶች ታያለች፤ በዚህ የተነሳ አባትና ልጅ ሲነታረኩ ግድግዳው አልፎ ይሰማኛል።

«አባባ፣ እኔ እኮ...»

«ታላቅ ሲናገር መርፌሽን ተመልከቺ።»

ቀና ብላ እኔን አየችኝ። ያን አስተያየት ያኔ ልረዳው ይገባኝ ነበር።

ኮቱ ሦስት ቀን በር ላይ ተሰቅሎ ዋለ። ሐሙስ ከሰዓት ሴትዮዋ መጣች። አውርዳ ለበሰችው፤ ቁልፉ ከቀዳዳው አልደረሰም። ጎኗን እየነካች «ሌት አውት» ስትል፣ ጋሼ በትህትና መስቀያውን እያሳዩ «የስ፣ አውት፤ ስሪ ዴይ» አሉ። አንደኛው ትከሻ በፀሐይ ደብዝዟል። ልጅቱ ወጥታ ሁለት ሦስት ነገር ብታናግራት፣ ሴትዮዋ ኮቱን ጠረጴዛው ላይ ትታ ነገ ጠዋት እመለሳለሁ ብላ ሄደች።

እኔ በሩ አጠገብ ነበርኩ። መሄድም አፈርኩ፤ መቆምም አፈርኩ።

«ምን ነበር ያለችው?» አሉ ጋሼ።

«አስፋልኝ ነው፣ አባባ። የጎኑን ስፌት ፈተው እንዲያሰፉት።»

ጋሼ ኮቱን ገልብጠው የጎኑን ስፌት አዩ። «አርባ ዓመት ሰፊ ተብዬ ማስፋት አቃተኝ በለኛ» አሉኝ። ቀልድ ነበር፤ ማናችንም አልሳቅንም።

«አንቺስ ከየት አወቅሽው?»

«ከዚያው ከሚቆጡበት ቀልድ። አንድ ሰውዬ ወፍሮ ሱሪው ይጠበዋል። ልብስ ሰፊ ዘንድ ሄዶ ‹ሌት ኢት አውት› ሲለው፣ ልብስ ሰፊው በሩን ከፍቶ ሱሪውን ‹ሂድ፣ ትንሽ ተንሸራሸርና ና› ብሎ ያሰናብተዋል።»

ጆሮዬ ጋለ። የቀልዱ ቂል እኔው ነበርኩ።

«ታዲያ ምነው ዝም አልሽ?» አሏት ጋሼ።

«መርፌሽን ተመልከቺ አሉኛ። ደግሞም...» ድምጿ ቀነሰ፤ «ጋሽ መምህርን ማሳፈር ከበደኝ። ሦስት ቀን ሙሉ ኮቱን ባየሁት ቁጥር ለእናንተ አፈርኩ።»

ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ጋሼ ግን በቀላሉ የሚረቱ ሰው አይደሉም። «እኛ በአለንጋ ተምረን ያልያዝነውን አንቺ በሳቅ ያዝሽው?»

«በአለንጋ ከተማሩት ምን ትዝ ይልዎታል፣ አባባ?»

አሰቡ። «አለንጋው» አሉ።

«ቀልድ ላይ ቃሉ ብቻውን አይመጣም። ሰውዬው ሆዱን ይዞ፣ ሱሪው ተወጥሮ ነው የሚመጣው። ካልገባዎት አይስቁም፤ ሳቁ ራሱ ፈተና ነው። ያልገባኝን መልሼ አያለሁ፣ ከዚያ እጽፈዋለሁ።» ከመሳቢያው ደብተር አወጣች። ዚፕ፣ እጅጌ፣ ኮሌታ፣ እያንዳንዱ ከነሥዕሉ፣ ከነእንግሊዝኛው። ለሱቁ የሚሆነውን ለይታ ነው የጻፈችው። ጋሼ የደብተሩን ቅጠል አንድ በአንድ ገለጡ።

«ጋሼ» አልኩ፣ «ጥፋቱ የእኔ ነው። አላውቅም ማለት ነበረብኝ። ሁለቱን ቃል ለየብቻ አውቃቸዋለሁ፤ አብረው ሲውሉ ጠባያቸው እንደሚለወጥ አላወቅሁም።»

«ሰውም እንደዚያው ነው» አሉና የስፌት መፍቻውን አነሱ።

ዓርብ ጠዋት ኮቱ ልክ ሆነ። የደበዘዘው ትከሻ ላይ ሴትዮዋ ሻርፕ ጣል አደረገችበት። ጋሼ ጥፋቱ የእኔ ነው ለማለት ከልጃቸው ያጠኑትን «ማይ ሚስቴክ» አቀረቡ፤ እኔም ከኋላ፣ የለም የእኔ ነው ለማለት፣ «ኖ፣ ማይን» አልኩ። አርባው ልብስ አልተሰጠንም፤ ለሙከራ አሥር ተሰጠን።

አሁን ምሳ ሰዓት ላይ ሦስታችን አንድ ስልክ ላይ እናፈጣለን። ልጅቱ ወዲያው ትስቃለች፤ እኛ ቀልዱን ሦስቴ ካየን በኋላ እንደርስበታለን። «መጠየቅ ያደርጋል ሊቅ» ይባላል፤ ከልጅ መጠየቅ ግን መጀመሪያ ያሳፍራል። ይሁን። ልጃችሁ ስልክ ይዛ ስትስቅ ብታገኟት፣ ከመቆጣታችሁ በፊት ምን እንዳሳቃት ጠይቁ። የዕለት እንጀራችሁ ቃል እዚያ ውስጥ ሊኖር ይችላል። ጋሼ ዛሬ የውጭ አገር ደንበኛ ሲመጣ ልጃቸውን ይጠራሉ፤ ልጅቱም ቃል ስታውቅ አንገቷን አትደፋም።

ትናንት ከሆቴሉ የመጣ ኮት ላይ «ቴክ ኢን» የምትል ወረቀት አገኘን። ‹ቴክ› ውሰድ ነው፣ ‹ኢን› ውስጥ። «ወደ ውስጥ አስገባው» ምላሴ ጫፍ ላይ ደረሰ፤ ዋጥኩት።

«እሷን እንጠይቃት» አልኩ።

«አጥብበው ማለት ነው» አለች በጨዋ ፊት። ወዲያው ግን ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች፤ የዋጥኩትን ገምታ ኖሮ ትከሻዋ በሳቅ ሲንቀጠቀጥ አየሁ።